አባ በረዶ ከጥዶቹ ጋር የተጣሉ ጊዜ

«ቆሻሻ ነው አልኩሽ። ዓይን ካለሽ እዪው፤ ካላመንሽ በእጅሽ ዳብሺው።»

አባ በረዶ ይህን ሲሉ ከጥዱ ላይ የዘነጠፉትን ቅርንጫፍ በእህታቸው ልጅ አፍንጫ ሥር ደቅነው ነበር። ልጅቱ አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ኋላ አላለችም። ቅርንጫፉን በሁለት እጇ ተቀበለቻቸውና በነጭ መሐረቧ ጠረገችው። መሐረቡ የድስት ቂጥ የነካው መስሎ ጠቆረ።

«እውነትዎን ነው አጎቴ» አለች፤ «በጣም ቆሽሿል።»

ሽማግሌው የረቱ መሰላቸውና፣ ከግንቡ ሥር በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ወደሚጠብቃቸው ባለ መጋዝ ዞሩ። ከራሷ አፍ እንደ ሰማ፣ ከእንግዲህ ሌላ ምስክር እንደማያስፈልግ ነግረው ከዳር እንዲጀምር አዘዙት። ባለ መጋዙ ግን ከባልዲው አልተነሣም። እሱ የሚቆርጠው የታዘዘውን እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ተስማምቶ አንድ ቃል እስኪናገር ድረስ ግን ፀሐይ ቢሞቅ እንደሚሻለው ገለጸ። ከዚህ በፊት በአንድ ግቢ የባልን ቃል ሰምቶ ዛፍ ጥሎ፣ ሚስት በመጥረጊያ እስከ መንገድ ድረስ ሸኝታው ነበርና ልምዱን ከዚያ አግኝቷል።

እኔ የገባሁት በዚህ መካከል ነው። በሰው ጠብ ላይ ድንገት የደረሰ ሰው ቢቆምም ቢመለስም ያፍራል፤ በትከሻዬ ላይ ያለው ጥቅል ግን እንድመለስ አልፈቀደልኝም። በክሊኒኩ የአልጋ ልብስ መጋዘን ጠባቂ ነኝ። ከእኛ ወደ አባ በረዶ ያደፈ አንሶላ ይሄዳል፤ ከአባ በረዶ ወደ እኛ የነጣ አንሶላ ይመጣል። እኔ ከመቀጠሬ ብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ ይህ ነገር ሳይዛነፍ ኖሯል። «አባ በረዶ» የሚለውንም ስም ያወጡላቸው የክሊኒኩ ነርሶች ናቸው፤ ጥቅሉ በተፈታ ቁጥር ክፍሉ ይቀዘቅዛል እያሉ ይቀልዱ ነበር። የታጠበ አንሶላ ይዤ ወደ አጣቢው ስመለስ ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ግቢው ረጅምና ጠባብ ነው። በአንደኛው ወገን የድንጋይ ገንዳዎቹ፣ ውሃ የሚፈላባቸው ሁለት በርሜሎችና የካውያ ክፍሉ አሉ። በሌላው ወገን የግንብ አጥሩ ይቆማል፤ ከግንቡ ማዶ የጭነት መኪኖች ማርሽ እየቀየሩ ዳገቱን የሚወጡበት መንገድ ነው። በግንቡና በልብስ ማስጫ ገመዶቹ መካከል፣ ከቀድሞው ባለቤት ዘመን ጀምሮ የቆሙ ጥዶች ተደርድረዋል። ሰባቱ ዛሬም ቆመዋል። በበሩ በኩል ያሉት አራቱ ግን ጉቶ ብቻ ናቸው፤ አባ በረዶ ከዚያ ቀን ሦስት ወር ቀደም ብለው አስቆርጠዋቸው ነበር።

ያስቆረጡበት ምክንያት ፀሐይ ነበረች። አንሶላን የሚያነጣው ሳሙና ብቻ እንዳልሆነ፣ ሥራውን የምትጨርሰው ፀሐይ እንደሆነች ዘወትር ይናገሩ ነበር፤ በዚህም አልተሳሳቱም። ጥላው ሲነሣ በበሩ በኩል ያለው ገመድ ከሁሉም ቀድሞ ማድረቅ ጀመረ። እሳቸውም ለክሊኒኩ ያላቸውን አክብሮት ለመግለጽ፣ የክሊኒኩን አንሶላ እዚያ ፀሐያማው ቦታ ላይ ያሰጡት ጀመር።

አንሶላው ማደፍ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ሳሙናውን ጠረጠሩና ለወጡት። ቀጥለው በርሜሎቹን አስፋቁ። ከዚያ ጥርጣሬያቸው በልብስ ተኳሿ ላይ ወደቀ፤ እመት ካውያ የምንላት፣ በዚያ ቤት ስትተኩስ ፀጉሯ የሸበተው ሴት፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ሰላምታ ነፈገቻቸው። በመጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት፣ እንዳይወድቁ የጥድ ቅርንጫፍ ቢይዙ መዳፋቸው ጠቁሮ ተመለሰ። «ሌባውን ያዝኩት» አሉ። የቀሩትን ሰባቱን ለመጣል ባለ መጋዙን ያስጠሩት ለዚህ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በሽማግሌው አትፍረድባቸው። ስሕተታቸው የሰነፍ ሰው ስሕተት አይደለም። ንጽሕናን ዕድሜ ልኩን ያገለገለ ሰው ቆሻሻ ፍለጋ ወጥቶ፣ ከሁሉ የበለጠ ቆሻሻ የተከማቸበትን ነገር አገኘ፤ ያገኘውንም ምንጭ ነው አለ። ስንቶቻችን የተከማቸበትንና የመነጨበትን እናምታታለን።

ጥቅሌን አስቀምጬ መልእክቴን ተናገርኩ። ዋና ነርሷ አንሶላውን እንዳልተቀበለችው፣ አንድ ጥቅል ብቻ ደግማ እንደምትጠብቅ፣ እሱም እንዲህ ሆኖ ከመጣ ሥራው በከተማው ጫፍ ወዳለው የማሽን እጥበት ቤት እንደሚዛወር ነገርኳቸው። እየተናገርኩ ሳለ ገንዳው ላይ ያሉት ሴቶች ማሸት አቆሙ። የዚያ ግቢ እንጀራ ክሊኒኩ ነው፤ ክሊኒኩ ከሄደ ከስድስቱ ሠራተኞች ሁለቱ እንኳ አይተርፉም።

አባ በረዶ አንሶላውን ፈተው ወደ ብርሃን አነሡት። ማንም ሳይነግራቸው ያደፈበትን ቦታ ጣታቸው አገኘው።

«ዛሬውኑ ይቆረጡ» አሉ።

የእህታቸው ልጅ አሁንም ከመንገዳቸው አልተነሣችም። ይህችን ልጅ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ፊደል የቆጠረችው በገንዳዎቹ ዳር፣ በሳሙና አረፋ ላይ በጣቷ እየጻፈች ነው። ከፍ ብላ ስለ ዕፅዋት ልትማር ስትሄድ፣ ሰው ሕክምና ይማራል፣ ሰው ሕግ ይማራል፣ አንቺ ሣር ልትማሪ ነው ብለው ስቀውባት ነበር። ተምራ ስትመለስም ችግኝ ጣቢያ ተቀጠረች፤ እሳቸውም «ቅጠሊቱ» የሚል ስም አወጡላት። ስሙ እንደ ወጣ ጸደቀ፤ ዛሬ እኛም ሁላችን እንዲሁ ነው የምንጠራት። በየሳምንቱ ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ትመጣለች።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎትና ከመለሱልኝ በኋላ ይቆረጡ» አለች።

«ጠይቂ። መቼ ጥያቄ ጨርሰሽ ታውቂያለሽ።»

«አንሶላው ታጥቦ ሲወጣ ገንዳው ውስጥ የሚቀረው ውሃ ምን ይመስላል?»

«ምን ይመስላል? ጥቁር ነዋ።»

«ከአንሶላው ይብሳል?»

«ምን አገናኝቶት። አንሶላው አንሶላ ነው፤ ውሃው አተላ ነው።»

«እንግዲያው የግቢው ቆሻሻ ምንጩ ውሃው ነው ማለት ነው። ከሰኞ ጀምሮ ያለ ውሃ እንጠብ።»

እመት ካውያ ከክፍሏ መስኮት ብቅ ብላ ነበር። በካውያዬ ነው ያደፈው ያሉኝ ዕለት ይህች ልጅ የት ነበረች ብላ ጠየቀች፤ ገንዳው ላይ ያሉት ሴቶች ሳቁ። አባ በረዶ አልሳቁም።

«ውሃው የጠቆረው ቆሻሻውን ስለ ወሰደ ነው» አሉ ዝግ ብለው።

«ቅጠሉስ?»

ቅርንጫፉን ከእጇ ወስደው አገላበጡት። ጥያቄው በሙያቸው ገብቶ ነውና የያዛቸው፣ በቀላሉ ሊያወልቁት አልቻሉም። ልጅቱም ይህን እንደ ድል አልቆጠረችውም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገሩን ታስረዳቸው ጀመር። ነፋስ አቧራና ጥላሸት ተሸክሞ የሚሄደው እየሮጠ ስለሆነ ነው አለች። ጥድ ውስጥ ሲገባ በሺህ በሚቆጠሩ መርፌ መሰል ቅጠሎች መካከል መሹለክ አለበት፤ ሩጫው ይሰበራል፤ ሩጫው ሲሰበር ሸክሙን ያወርዳል። ቅጠሉ ደግሞ ሙጫ አለውና የወረደበትን ይይዛል። ዝናብ ሲመጣ ያጥበዋል፣ እጣቢው ወደ ሥሩ ይወርዳል፣ አፈሩም ያስቀረዋል። ከዚህም ሌላ ቅጠል ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ በእነሱ ሲተነፍስ ከጭሱ መርዝ ጥቂቱን ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ይህ ቅርንጫፍ የጠቆረው ለአንሶላው ሊደርስ የነበረውን በፊቱ ስለ ተቀበለ ነው።

አባ በረዶ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያም ያለ ቁጣ፣ ልክ እንደ ዳኛ፣ ክርክራቸውን አቀረቡ። ንግግሯ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ያማረ እንደሆነ አመኑላት። ነገር ግን ጥድ የሚቀበለውን ያህል እንደሚጥልም በዓይናቸው አይተዋል፤ የደረቀው ቅጠል አንሶላ ላይ ይወድቃል፣ ወፎቹም ከቅርንጫፉ ላይ ሆነው የሚያደርጉትን ያደርጋሉ። ይህንንስ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ምን ይለዋል?

«እሱ ልክ ነው» አለች ቅጠሊቱ። «ገመዱ ለዛፎቹ በጣም ቀርቧል። ሁለት እርምጃ ወደ ገንዳው መራቅ አለበት። ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም።»

ሽማግሌው ይህን አልጠበቁም። በክርክር ጊዜ ተሳስቻለሁ የሚል ሰው ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ያደናግራል። ትንሽ አሰቡና፣ በወሬ የነጣ አንሶላ እስከ ዛሬ አይተው እንደማያውቁ፣ የምትለው እውነት ከሆነ በጨርቅ ታሳያቸው ዘንድ ጠየቁ። ልጅቱም እንዲህ እንዲሏት ስትጠብቅ ነበርና፣ ምን እንዴት እንደሚደረግ እዚያው መነጋገር ጀመሩ።

ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ ሁለት የትራስ ልብሶች ተመረጡ። አባ በረዶ ራሳቸው አጠቧቸው፤ ሌላ ሰው አላስነኩም። እመት ካውያ የአንዱን ጠርዝ ተርትራ በውስጡ ቀይ ክር፣ በሌላው ውስጥ ሰማያዊ ክር ሰፍታ መልሳ ዘጋችው፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይለይም። ቀዩ ከሰባቱ ጥዶች ኋላ፣ ሰማያዊው ደግሞ ጥድ በሌለበት በጉቶዎቹ በኩል ሊሰጣ ሆነ። ቅጠሊቱ ሰማያዊውን በበሩ ትይዩ ልትሰቅለው ስትል ሽማግሌው ከለከሏት፤ በበር በኩል የሰው እግር አቧራ ያነሣል፣ ያ በዛፍ ማነስ ሊቆጠር አይገባም አሉ። እውነት ነው ብላ ከበሩ አርቃ ሰቀለችው። ሁለቱም ከግንቡ እኩል ርቀት፣ ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ ዋሉ። ቶሎ እንዳይደርቁም በየሰዓቱ ንጹሕ ውሃ እየረጨች አረጠበቻቸው፤ እርጥብ ጨርቅ የነካውን ሁሉ ይይዛልና።

የመጋዘኑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ መመለስ ይገባኝ ነበር። ግን አልቻልኩም። ከካውያ ክፍሉ ደጃፍ በርጩማ ሰጥተውኝ ቁጭ አልኩ፤ በየቀኑ የማልፍበትን መንገድ ከግንቡ ወዲህ ሆኜ ያየሁት ያን ቀን ነው። አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ዳገቱን ሲወጣ ጭሱ ከግንቡ በላይ ይነሣል። በጉቶዎቹ በኩል ማንም ሳይጠይቀው ዘው ብሎ ይገባና ገመዱን አልፎ እስከ ገንዳው ይዘረጋል። በጥዶቹ በኩል ግን ከቅርንጫፎቹ ሲደርስ ይቆማል፣ ይወዛወዛል፣ ይሳሳል፤ ወዲህ የሚያልፈው ከነበረው ጥቂቱ ነው። ዛፎቹ ምንም ሲያደርጉ አይታዩም። ድምፅ የላቸውም፣ ደመወዝ አይጠይቁም፣ ዕረፍት አያውቁም። እንዲያው ቆመዋል። በመቆማቸው ብቻ ይህን ሁሉ ዓመት ስድስት ሰው የሚለፋበትን ሥራ ሲጠብቁት ኖረዋል። እኔም የማላውቀውን ባለውለታ ያገኘሁ ያህል ደነቀኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨርቆቹ ወረዱ። የመጨረሻውን ደንብ ያወጡት አባ በረዶ ናቸው፤ የትኛው የት እንደ ዋለ ሳያውቁ ሊፈርዱ ፈለጉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። እመት ካውያ ሁለት ነጭ ሳፋ አወጣች፣ እኩል ንጹሕ ውሃ ሞላችባቸው፣ ጨርቆቹን ለየብቻ ነክራ አለቀለቀች። ከዚያ ሳፋዎቹን ወዲያና ወዲህ ስታለዋውጣቸው እኔ ራሴ የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።

«ይዙሩ» አለቻቸው።

ዞሩ። አጎንብሰው መጀመሪያ ውሃውን አዩ። ሌላ ሰው ውሃ ሲያይ ውሃ ያያል፤ እሳቸው ግን ውሃን እንደ ደብዳቤ ያነቡታል። በቀኝ በኩል ያለውን በጣታቸው አማሰሉት፣ በግራ ያለውንም እንዲሁ። ጨርቆቹን አወጡ፣ ጨመቁ፣ ወደ ብርሃን አነሡ። ቅጠሊቱ ፈንጠር ብላ ቆማለች፤ እጆቿን በብብቷ ሥር ደብቃቸዋለች። ባለ መጋዙም ከባልዲው ተነሥቶ ቀርቧል።

«ይህንን ለክሊኒኩ እልካለሁ» አሉ የግራውን ከፍ አድርገው። «ያንን ግን ለጠላቴም አልሰጠው።»

እመት ካውያ በመቀስ ጫፍ የግራውን ጠርዝ ተረተረችው። ክሩ ቀይ ነበር።

ማንም አላጨበጨበም። ሽማግሌው ጨርቁን አጣጥፈው በትከሻቸው ላይ ጣሉና ወደ ጉቶዎቹ ሄዱ። በአንደኛው ጉቶ ላይ እጃቸውን አኖሩ። «እነዚህን አራቱን እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ፤ ለማን እንደ ተናገሩ አላወቅንም። ልጅቱ ነግሬዎት ነበር አላለችም። ብትል ኖሮ ልክ በሆነች፤ ግን ያን ቀን ልክ መሆኗ ብቻ ምንም ባልጠቀመ። ሽማግሌውን ያሳመናቸው የራሳቸው ዓይን ነው፤ የእሷ ብልሃት ዓይናቸውን ዳኛ አድርጋ መሾሟ ነበር። ሌላውን ማስተማር የሚፈልግ ሁሉ ይህን ከእሷ ቢማር ደግ ነው።

ባለ መጋዙ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ እንግዲህ እሱ ይሂድ ወይስ ምን ይሁን ብሎ ጠየቀ። አባ በረዶ አካፋ ይችል እንደሆነ ጠየቁት። እንዲህ ያለ ቀን አይቶ እንደማያውቅ፣ ሊቆርጥ መጥቶ ሊቆፍር እንደ ቀረ እያጉተመተመ እጅጌውን ሰበሰበ።

በጉቶዎቹ መካከል የአዲስ ችግኝ ጉድጓድ እየተቆፈረ ሳለ ቅጠሊቱ ለአጎቷ ቀሪውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የሚያስደስተውንም የማያስደስተውንም። ዛፍ ለሁሉ ነገር መድኃኒት እንዳልሆነ፣ መኪኖቹ ጭሳቸውን ካልቀነሱ ሥራው ሁልጊዜ ግማሽ እንደሚሆን ነገረቻቸው። አቧራ የደፈነው ቅጠል ራሱ እንደሚታመም፣ ዝናብ በማይኖርበት ወር ሳሙና በሌለው የማለቅለቂያ ውሃ ጥዶቹን ማጠብ እንደሚያስፈልግ ነገረቻቸው። አሁን የሚተከለው ጥድ ለቁም ነገር የሚበቃው ከዓመታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ግን ሸካራ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ጥቅጥቅ ብሎ ቢተከል በዓመቱ ደርሶ፣ ጎማ ከመሬት የሚያነሣውን የታችኛውን አቧራ ይይዛል። ችግኙን ከጣቢያው ራሷ ልታመጣ ቃል ገባች።

«እስከዚያስ?» አሉ።

«እስከዚያ የክሊኒኩ አንሶላ ከሰባቱ ኋላ ብቻ ይሰጣ። በበሩ በኩል ያለውን ፀሐይ ይተዉታል።»

ከሁሉ የከበዳቸው ይህ ነበር። ከጥዶቹ ኋላ ጥላ ስላለ ልብሱ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ሁለት ተራ ለማስጣት ጎሕ ሳይቀድ መነሣት ሊኖርባቸው ነው። ሴቶቹ አጉረመረሙ። አባ በረዶ ግን ሰኞ ዕለት ከሁሉም ቀድመው መጥተው ገመዱን ሁለት እርምጃ አርቀው ሲያስሩ ተገኙ፤ ከዚያ በኋላ የሚያጉረመርም አልተገኘም።

በሳምንቱ ጥቅሉን ለዋና ነርሷ አደረስኩ። አንዱን አንሶላ አውጥታ በመስኮቱ ላይ ዘረጋችው፣ አገላበጠችው፣ አጣጥፋ ለቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሄደው ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ አኖረችው። በእሷ ቤት ምስጋና ማለት ይህ ነው። ዜናውን ሳደርስ አባ በረዶ አንገታቸውን ብቻ ነቅነቅ አደረጉ፤ እመት ካውያ ግን ካውያዋን አስቀምጣ ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ በሥራ ሰዓት ስትቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰው አንዴ ማየት ከጀመረ የት ላይ እንደሚያቆም አይታወቅም። ከጥቂት ቅዳሜ በኋላ ሽማግሌው የእህታቸውን ልጅ ገንዳው ዳር አስቀምጠው፣ ያ ጥቁር ውሃስ የት ይሄዳል ብለሽ አትጠይቂኝም ወይ አሏት። እንድትመልስላቸው አልጠበቁም። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰውን እድፍ ወስደው በቦይ ሲለቁት እንደ ኖሩ፣ ቦዩ ከጎረቤታቸው ጋራዥ ጎን አልፎ ወንዝ እንደሚገባ፣ ከወንዙ በታች ደግሞ ሰው እንዳለ ነገሯት። ጥዱ ጭሱን ካጠበ፣ ውሃውን የሚያጥብ ተክል የለም ወይ?

ቅጠሊቱ ይህን ጥያቄ እሷ ብትጠይቃቸው ኖሮ እንደ ነቀፋ ይቆጥሩት እንደ ነበር ታውቃለች፤ ለዚህም ነው አፏን ይዛ የቆየችው። አለ አለቻቸው። ረዘም ያለ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ሥሩ ውሃ እንዳያሳልፍ ተደርጎ፣ በጠጠር ተሞልቶ ሸምበቆ ይተከልበታል። ውሃው በጠጠሩ ውስጥ ለውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ቅባቱና እድፉ በሥሮቹ ላይ ይቀራል፤ በሥሮቹ ላይ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ነፍሳትም ይበሉታል፣ ሸምበቆው ደግሞ ከዚያ ይመገባል። አንድ ነገር ግን ከለከለች፤ በረኪና የበዛበት ውሃ ሸምበቆውንም ነፍሳቱንም ይገድላል። አባ በረዶ ለበረኪናቸው ጥቂት ተሟገቱ። በመጨረሻ ግማሹን ቀንሰው የቀረውን ፀሐይ እንድትሠራው ተስማሙ፤ መቼም ፀሐይን ሳያነሡ ክርክር አይጨርሱም።

ሸምበቆው ከሰው ወገብ በላይ ባደገበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ አንሶላ ልወስድ ስሄድ የጎረቤቱ ባለ ጋራዥ ግቢው መካከል ቆሞ ሲከራከር ደረስኩ። እጁ እስከ ክርኑ ቅባት ነው። አባ በረዶ በስተርጅና ረግረግ ቆፍረው የወባ ትንኝ ሊያረቡበት እንደሆነ፣ የጥዶቹም ሥር አንድ ቀን በመካከላቸው ያለውን ግንብ እንደሚያፈርስበት ይናገራል።

አባ በረዶ በትዕግሥት ሰሙትና እጁን ይዘው ወደ ጉድጓዱ ወሰዱት። ትንኝ የቆመ ውሃ እንደምትፈልግ፣ እዚህ ግን ውሃው ከጠጠሩ በታች ስለሚሄድ ቁልቁል ቢያይ ድንጋይ እንጂ ውሃ እንደማያገኝ አሳዩት። ከዚያ መግቢያው ላይ አንድ ብርጭቆ፣ መውጫው ላይ አንድ ብርጭቆ ቀድተው በሁለት እጁ አስያዙት። የመጀመሪያው እንደ አመድ ውሃ የደፈረሰ ነው። በሁለተኛው ውስጥ የራሱን ቅባታም ጣቶች ያያል።

«ይጠጣል?» አለ ባለ ጋራዡ።

«አይጠጣም። እኔ ይጠጣል መቼ አልኩህ? ወንዙን አያቆሽሽም ነው የምልህ።»

ሰውየው ብርጭቆዎቹን እያፈራረቀ አየ። ድምፁ ወረደ። ለእሱ የተቃጠለ ዘይትም ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ። አባ በረዶ አልዋሹትም፤ ተክል የሚችለውን እንጂ ሁሉን እንደማይችል፣ ዘይቱን በበርሜል አጠራቅሞ ለሚወስደው ቢሰጥ እንጂ ቦይ ውስጥ ቢደፋ ሸምበቆም እንደማያድነው ነገሩት። ግንቡን በተመለከተ ግን አይስጋ፤ በእሱ በኩል የሚተከለው ትልቅ ዛፍ ሳይሆን ቁጥቋጦ ነው። ቁጥቋጦው አቧራውን ይይዝለታል፣ የመንገዱን ጩኸት ያለዝብለታል፣ በቀትር መኪና ሥር ተኝቶ ለሚሠራ ሠራተኛው ጥላ ይሆነዋል። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ያህል ነበር። እመት ካውያ ከመስኮቷ ሆና፣ በዚህ ዓመት ሳል ሳይዘኝ ክረምቱ ገባ ብላ የራሷን ምስክርነት ጨመረች። ባለ መጋዙ በአካፋው ተደግፎ፣ ቁፋሮውን ለእሱ እንዲሰጡት በመካከል ጣልቃ ይገባል። እኔም በክሊኒካችን በስተጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ትዝ ብሎኝ፣ ስንት ችግኝ ይበቃው እንደሆነ ለመጠየቅ ተራ እጠብቅ ጀመር።

ሁላችንም በግንቡ ሥር ተሰብስበን ነበር። አባ በረዶ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ቁጥቋጦው ከግንቡ በስንት ስንዝር መራቅ እንዳለበት ለባለ ጋራዡ እየለኩ ያሳዩታል፤ እሱ አንድ ስንዝር ይቀነስልኝ ይላል፣ እሳቸው አይሆንም ይላሉ። ቅጠሊቱ አጎቷ እሷን ሳይጠሩ ሲያስተምሩ እያየች ከገንዳው ዳር እጇን ታጠበች፣ የተጠቀለለ እጅጌዋን መለሰች፣ በሩን ቀስ ብላ ከፈተችና ወደ ቤቷ የሚወስዳትን አውቶቡስ ልትይዝ ሄደች።